ለአምባዛ የሚበቃ

ጎረቤቴ ጋሽ ዘይት ለአሥራ አንድ ዓመት ግራኝ ነበር። ከዚያ በፊት ቀኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ቀኝ ነው። ዛሬ ሰማንያን ተሻግሮ በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ነገሩን ባነሳሁበት ቁጥር ፊቱ እንኳን አይለወጥም። «ግራኝ ነበርኩ፤ በኋላ ለቀቀኝ» ይለኛል፣ ጉንፋን ይመስል። እኔ ደግሞ አልለቀውም። ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቷን ያቋረጠች ሴት የምትጽፈው ብዙ ነገር የላትም፤ ይቺን ግን ካልጻፍኳት ሰውዬው ሳያምን ሊያመልጠኝ ነው።

ሥራው የስፌት መኪና ጥገና ነበር። ስም ነበረው፤ ሰፈሩ ግን ረስቶታል። ስሙን የነጠቀችው ከሸሚዙ ኪስ የማትጠፋው ባለ አፍንጫ የዘይት ጣሳ ናት። በር ቢንቋቋ፣ ጋሪ ቢጮህ፣ ሁለት ጎረቤት ቢኳረፍ እጁ ወደ ኪሱ ነው። ሚስት አላገባም። የእኛን ግቢና የእሱን ግቢ የምትለየው ግንብ በአዋቂ ሰው ደረት ልክ ናት፤ ክርኑን ደገፍ አድርጎ ለማውራት የተሠራች ይመስል።

እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የቤት ስሜ ሬዲዮ። እማዬ «ይቺ ልጅ ባለችበት ምን ይወራል? የሰማችውን ሁሉ ታስተላልፋለች» ስትል እንደ ሙገሳ ነበር የምወስደው። የታመመ ሰው፣ የወለደች ድመት፣ የተጣሉ ባልና ሚስት፣ ሁሉም በእኔ በኩል ሳያልፍ ወሬ ሆኖ አያውቅም።

በዚያ ዓመት አባዬ ቤት ዋለ። የሚሠራው እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ነበር፤ አንድ ጠዋት መጋዙ ከቀኝ እጁ አራት ጣት ወሰደ። ለእኔ የተነገረኝ «እጁን አሞታል» ተብሎ ነው። ሕመም ከሆነ ይድናላ። ስለዚህ ፋሻው በተፈታ ቁጥር ጠጋ ብዬ አያለሁ፤ ጣቶቹ ብቅ ብቅ ማለት ጀምረው እንደሆን። «ገና ናቸው» ብዬ እመለሳለሁ። አባዬ ምን እንደምፈልግ የገባው መሆኑን አላውቅም፤ አንድ ቀን ግን ፋሻውን በጓዳ ዘግቶ መፍታት ጀመረ።

ከመጋዙ በፊት እሑድ እሑድ አምባዛ ያጠምድ ነበር። ዘንግ የለውም። ረጅም የናይለን ክር በጠርሙስ ላይ ጠቅልሎ ይሄዳል፤ መንጠቆውን ወርውሮ ክሩን በቀኝ ሌባ ጣቱ ላይ ያሳርፋል። «አምባዛ በዓይን አይጠበቅም፤ በጣት ነው የሚሰማው» ይል ነበር። ያ ጣት ከሄዱት አራቱ አንዱ ነው። ከሆስፒታል በመጣ በሳምንቱ ጠርሙሱን ለእማዬ ሰጣትና «ልብስ አስጪበት» አላት። አልተከራከረችውም። ከግንቡ እስከ በሩ ወጠረችው። ክሩ መስታወት ስለሚመስል ሸሚዞቻችን በአየር ላይ ሰው ሳይለብሳቸው የቆሙ መሰሉ። እኔ በጣም ደስ አለኝ፤ የክፍል ጓደኞቼን ሁሉ እየጠራሁ አሳየሁ። እማዬ ልብሱን ስታሰጣ ለምን ወደ ላይ እንደማታይ ማን ልብ ብሎ።

አባዬ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቀመጣል። የሥራ ጓደኞቹ ሲመጡ የተኛ ይመስላል። ከግቢው በር ከወጣ ሁለት ወር አለፈው። እማዬና ጋሽ ዘይት በግንቡ ላይ አንገት ለአንገት ገጥመው ይንሾካሾካሉ፤ እኔ ብቅ ስል ስለ ሽንኩርት ማውራት ይጀምራሉ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ስለ ሽንኩርት ያን ያህል የሚያወሩት ነገር ማግኘታቸው ይገርመኝ ነበር። አንዴ ብቻ ጫፉን ሰማሁ።

«ለአንተ ነው ካልነው ይወረውረዋል» ትላለች እማዬ።

«ለእሱ ነው ማን አለ?» አለ ጋሽ ዘይት። ከዚያ አየኝና «ቀዩ ሽንኩርት ይሻላል» አለ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ጋሽ ዘይት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በራችን ላይ ቆመ። «ሬዲዮ፣ የአጥማጅ ልጅ አይደለሽ? የአምባዛ ዘንግ ልገዛ ነው። ነይ አማክሪኝ።»

ጫማዬን በየትኛው እግሬ እንዳደረግሁ አላስታውስም። በሰፈሩ ስንት ትልቅ ሰው እያለ እኔን መምረጡ ለእኔ ተገቢ ነገር ነበር።

መጀመሪያ ትልቁ መንገድ ዳር ወዳለው የስፖርት ዕቃ መደብር ሄድን። ወለሉ ያንሸራትታል፤ ኳሶቹ በመረብ ተንጠልጥለዋል፤ ሁሉ ነገር አዲስ ጎማ አዲስ ጎማ ይሸታል። ሻጩ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ወጣት ነው።

«ምን ዓይነት ዓሣ ነው የሚይዙት?»

«አምባዛ።»

«በየስንት ጊዜው ይወጣሉ?»

«ሲመቸኝ። በወር አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ።»

የሻጩ ፊት ወረድ አለ፤ ግን ወጉን አላጓደለም። ቀጭን ጥቁር ዘንግ አወጣና በሁለት ጣቱ ብቻ ይዞ አሳየን። ካርቦን ነው፤ ላባ ነው፤ ትንሽ ዓሣ ነክቶት ቢያልፍ እንኳን እጅ ላይ ይሰማል። ከዘንጉ ጋር የሚሄደውን የክር ማጠንጠኛ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ እንደ ጌጥ አስቀመጠው። «አሥራ ሁለት ኩሽኔታ አለው።»

«አምባዛው ይቆጥረዋል?»

«ምኑን?»

«ኩሽኔታውን።»

ሻጩ አልሳቀም። ዋጋውን ሲናገር ጋሽ ዘይት ዘንጉን የሰው ሕፃን እንደሚመልስ ሰው በጥንቃቄ መለሰለት። «በር ቢዘጋበት ይሰበራል። ይኼ ለሚሮጥ ዓሣ ነው ወንድሜ። እኔ የምፈልገው ጭቃ ላይ ተኝቶ ‹ከቻልክ አንሳኝ› ለሚል ነው። ወፈር ያለ፣ የሚታጠፍ፣ ልጅ ቢረግጠው የማይሰበር የለህም?»

ረከስ ያሉትን አመጣለት። አንደኛው ማጠንጠኛ ክሩ በግልጽ የሚታይ፣ ከፊቱ የሚከፈትና የሚዘጋ ሽቦ ያለው ነው። ጋሽ ዘይት ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተና በግራው ብቻ ሽቦውን ሊከፍት ሞከረ። ክሩ አመለጠው። እንደገና ሞከረ። ዘንጉ ራሱ ሊወድቅበት ደረሰ።

«ይኼ ክሩን በአንድ እጅ መያዝ፣ ሽቦውን በሌላው መክፈት ይፈልጋል» አለ።

«አዎና» አለ ሻጩ። «ሁለት እጅ አይበቃዎትም?»

ጋሽ ዘይት ቁጡ ሰው አይደለም፤ ያን ጊዜ ግን ጆሮው ሲቀላ አየሁ። «ይበቃኛል» ብሎ አመስግኖ ወጣ።

በመንገድ ላይ አፈርኩለት። ሁለት ጤነኛ እጅ እያለው በአንዱ ብቻ መሥራት የሚፈልግ ሰው አይቼ አላውቅም። ስንፍና ነው ብዬ ደመደምኩ። ከስንፍናውም በላይ ስስቱ አሳፈረኝ፤ አባዬ ቢሆን ጥቁሩን ይገዛ ነበር ብዬ አሰብኩ። አባዬ በሕይወቱ በጠርሙስ ነበር ያጠመደው፤ ይኼ ግን ያን ጊዜ አልታየኝም።

ሁለተኛው ሱቅ የብረታ ብረት መደብር ነው። ሚስማር፣ ቱቦ፣ የቀለም ባልዲ። ባለቤቷ እርሳስ ጆሮዋ ላይ የሰካች፣ ከበርጩማዋ ላለመነሳት የወሰነች ወፍራም ሴትዮ ናት። በኋለኛው ግድግዳ ላይ፣ ከአካፋዎቹ አጠገብ፣ አቧራ የጠጡ አምስት ስድስት ዘንጎች ተደግፈዋል።

«ለማን ነው?»

«ለእኔ።»

«አጥማጅ ነህ?»

«ልሆን ነው።»

«በዚህ ዕድሜህ?»

«ለጋብቻ ነው እንጂ ለአምባዛስ አላለፈኝም እትዬ።»

ሴትዮዋ ወደደችው መሰለኝ፤ በእጇ «ምረጥ» የሚል ምልክት ሰጠችው። እሱም ከኪሱ ቀጭን የሐር ክር አወጣ። በየዘንጉ ቀለበት እያሾለከ፣ ወዲያ ወዲህ እየሳበ፣ ክሩን ወደ ብርሃን እያነሳ ያያል። እኔ አቧራ የሚያራግፍላት መስሎኝ በልቤ አመሰገንኩት። በአንደኛው ዘንግ ሦስተኛ ቀለበት ላይ ክሩ ጸጉር አወጣ። «ይቺ ክር ትበላለች» ብሎ መለሳትና እኅቷን አነሳ፤ አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ ከጥቁሩ ሦስት እጥፍ የምትከብድ። ጫፏን ወለሉ ላይ ተጭኖ አጎበጣት። ቀስት ሆነች። ሲለቃት ቀና አለች። «የፋይበር ናት» አለኝ። «አታምርም፤ ግን አትቀየምም።»

ማጠንጠኛው ሌላ ነገር ነው። የመረጠው የቆርቆሮ ኮፍያ የደፋ፣ ክሩ ከውጭ የማይታይ፣ ከኋላው በአውራ ጣት የሚጫን ቁልፍ ያለው ነበር። ቁልፉን ሲጫኑት ክሩን ይይዛል፤ ሲለቁት ይለቃል። አሥር ጊዜ ያህል ተጫነው። ከዚያ ከሌላው ኪሱ መፍቻ አወጣና ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግቶ ይፈታው ጀመር።

«አንተ ሰውዬ፣ ሳትገዛ ፈታኸው?»

«ሳልፈታ አልገዛም።»

«ባይገጥምልህስ?»

«የማይገጥምልኝን አልፈታም።»

ውስጡን አየ፣ አሸተተ፣ የማርሹን ጥርስ በጥፍሩ ቧጨረ። «ነሐስ ነው። ኩሽኔታ አንድ ብቻ ናት ያላት፤ የቀረውን ዘይት ይሞላዋል።» ጠብ አደረገላት። ሲገጥመው ግን መዘወሪያውን ከቀኝ በኩል ነቅሎ በግራ በኩል አሰረው። ያን ያህል አዋቂ መስሎ ሲሠራ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ገልብጦ በመግጠሙ አዘንኩለት። ሰው ፊት እንዳላዋርደው ዝም አልኩ።

«በይ አማካሪ» አለኝ። «አምባዛ ሁኚ።»

የክሩን ጫፍ እጄ ላይ ጠቀለለልኝ። እሱ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀመጠ፤ የዘንጉን ግንድ በቀኝ ብብቱ ሥር ወሸቀ፤ ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተ። እኔ በአካፋና በባልዲ መካከል በረርኩ። ማጠንጠኛው ተንጫጫ። በር ላይ ስደርስ ትዝ አለኝና ቆምኩ።

«ጋሼ፣ አምባዛ እንዲህ አይሮጥም። ይተኛል። ከተኛበት ነው ጎትተህ የምታነሳው።»

«ታዲያ ተኚያ።»

ተኛሁ። ቀሚሴ ላይ ምን እንደተለጠፈ እማዬ ነች የምታውቀው። እግሬን ከመደርደሪያው እግር ጋር አጣብቄ ክሩን ያዝኩ። ጋሽ ዘይት በግራው ይዘውራል፤ ምላሱን በጥርሱ ይዞ ያልበዋል፤ ዘንጉ ጎብጧል። ከባድ አምባዛ ነበርኩ። ግን ስንዝር በስንዝር ተሳብኩ፤ ባልዲው ድረስ።

ሴትዮዋ ስትስቅ ቆይታ «ቆይ ቆይ» አለች። «ቀኝ እጅህን ምን ነካው? መዘወር ከጀመርክ ከኪስህ አልወጣም።»

ጋሽ ዘይት ወደ ታች አየኝ። እኔ መሬት ላይ ነኝ፤ ሁለት ጆሮዬ እንደተከፈተ።

«ግራኝ ነኝ» አለ።

«ቅድም ብሎኑን ስትፈታ እኮ በ...»

«ግራኝ ነኝ እትዬ።»

ሴትዮዋ እሱን አየች፣ እኔን አየች። እርሳሷን ከጆሮዋ አውጥታ ወረቀት ላይ ዋጋ ጻፈች፤ ሰረዘችው፤ ዝቅ ያለ ጻፈች። «ለግራኝ እንቀንሳለን» አለች።

እንግዲህ ያን ቀን የተወሰድኩት ለአማካሪነት አልነበረም። ዛሬ ራሴ የልጆች እናት ሆኜ ሳስበው ነገሩ ፀሐይ የሞቀው ነው፤ ሬዲዮ ይዞ የወጣው ዜናው ሳይዛነፍ አባዬ ጆሮ እንዲደርስ ነው። ዘንጉ ርካሽ መሆን የነበረበትም በስስት አልነበረም። እማዬ ከብዙ ዓመት በኋላ «ውድ ቢሆን አባትሽ ይነቃብን ነበር» አለችኝ። «በወር አንዴ ለሚወጣ ሰው ማን ውድ ዘንግ ይገዛል? ደግሞም ገንዘቡ የእኔ ነበር።» ግራኝነቱን ግን አብረው አልመከሩበትም። እሱ የእኔ ጆሮ የወለደው ነው።

ማታ ራት ላይ አስተላለፍኩ። ዘንጉን፣ ኮፍያውን፣ ዘይቱን፣ የተኛሁትን። መጨረሻ ላይ «አባዬ፣ ጋሽ ዘይት ግራኝ ነው» አልኩ።

አባዬ ማንኪያውን አቆመ። «ግራኝ?»

«አዎ። ራሱ ነው የነገረን።»

እማዬ ጨው ላምጣ ብላ ተነሳች። ጨው ገበታው ላይ ነበር። አባዬ የጨው ዕቃውን ትንሽ አየው፤ ከዚያ «እንግዲህ ከሆነ ነው» ብሎ መብላቱን ቀጠለ።

ከሰኞ ጀምሮ ጋሽ ዘይት በግንቡ ላይ እየተደገፈ ጥያቄ ያዘ። ጥያቄዎቹ እኔን ራሴን ያሳቅቁ ነበር።

«ጎረቤት፣ አምባዛ በዳቦ ይያዛል?»

አባዬ ፊቱን ከግድግዳው ሳያዞር «ዳቦ? ዓሣ ልትይዝ ነው ርግብ ልትጠራ?» አለ። ከቤታችን ሰው ውጭ ከሌላ ጋር ሲነጋገር ከሰማሁት ሳምንታት አልፈው ነበር።

ማክሰኞ «ከላይ ነው ከታች የሚኖረው?» ረቡዕ «ሹል ነገር አለው ይባላል፤ በየት በኩል ነው?» ሐሙስ «ክሩ ላይ እርሳስ የሚንጠለጠለው ለምንድን ነው፤ እንዲያምር ነው?» ሐሙስ ዕለት አባዬ ወንበሩን አዞረ። «አንተ ሰው» አለ፣ «ስንት የስፌት መኪና ፈትተህ የገጠምክ ሰው እንዴት ይኼ ይጠፋሃል? እንዲሰምጥልህ ነው።» ስለ ትል፣ ስለ ጉበት፣ ስለ ደፈረሰ ውሃ ግማሽ ሰዓት አስተማረው። ጋሽ ዘይት አፉን ከፍቶ ይሰማል። እኔ ለሰፈር ልጆች ጋሽ ዘይት ድንቁርናው ይህን ያህል ነው ብዬ አወራሁ። እማዬ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ድስት ይዛ ቆማ ነበር፤ ባዶ ድስት።

ሰውዬው ሐይቅ ዳር በጀልባ ቀዛፊ ቤት ተወልዶ ያደገ፣ አምባዛ ከእናቱ ጡት ቀጥሎ ያወቀው ነገር መሆኑን የሰማሁት ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነው።

እሑድ ጠዋት ዘንጉን በግራ ትከሻው ተሸክሞ ግንቡ ጋ መጣ። «ፀሐይ ጠንከር ሲል፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከድልድዩ በታች ጠፍጣፋው ድንጋይ ጋ ልሄድ ነው።»

አባዬ ተነፈሰ። «እኩለ ቀን? እዚያ የሚይዝህ እንቁራሪት ነው። ሌሊቱን ዘንቧል፤ ውሃው ደፍርሷል፤ ሰዓቱ አሁን ነው። ቦታውም ወደ ላይ፣ የወደቀው ግንድ ጋ ነው።»

«ግንዱን የት አውቄው?»

እማዬ ድንች መላጧን አቆመች። አባዬ ተነሳና ኮቱን በትከሻው ላይ ጣል አደረገ። «ላሳይህና እመለሳለሁ» አለ።

ሦስታችን ወጣን። አባዬ ሰው እንዳያየው ቀኝ እጁን ኪሱ ከቷል። ጋሽ ዘይት ደግሞ ቀኝ እጁ እንዳያጋልጠው ኪሱ ከቷል። እኔ የአጥማጅ አካሄድ ይኼ ነው ብዬ የእኔንም ከተትኩ። እንዲህ ሆነን መንገዱን አቋረጥን።

ወንዙ ቡናማ ሆኖ ሞልቷል። እርጥብ ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል። ጋሽ ዘይት በግራው ወረወረ፤ መንጠቆው የራሱን ቆብ ይዞ ሄደ። ደግሞ ወረወረ፤ ሸምበቆ ያዘ። በዚህ አላስመሰለም፤ ግራ እጁ እውነትም ምንም አያውቅም። ሦስተኛው ላይ አባዬ ሊወጋን ነው ብሎ እኔን ወደ ኋላ ሳበኝ።

«አምጣ ወዲህ።»

ዘንጉን በግራው ተቀበለ። ትንሽ አገላበጠው። አውራ ጣቱ ቁልፉን አገኘ፤ ተጫነ፤ ለቀቀ። መዘወሪያውን አየ፤ በየት በኩል እንዳለም አየ። ቀና ብሎ ጋሽ ዘይትን ሲያየው፣ ጋሽ ዘይት ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቅርንጫፍ በጣም ይመለከት ነበር።

አባዬ ወረወረ። ክሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ከግንዱ ወዲያ ጠብ አለ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ የዘንጉን ግንድ በቀኝ ብብቱ ሥር ወሸቀ፤ ክሩን በግራ ሌባ ጣቱ ላይ አሳረፈ። «ላሳይህና እመለሳለሁ» ያለውን ማንም አላስታወሰውም።

ብዙ ቆየን። ከዚያ አባዬ ዓይኑን ጨፈነ። «ዝም በሉ» አለ፣ ዝም ባልንበት። ዘንጉ አንዴ ሰገደ፤ ደግሞ ሰገደ፤ ከዚያ ጎብጦ ቀረ።

አምባዛው አልሮጠም። ተኛበት። አባዬ ይዘውራል፤ ክሩ ተመልሶ ይወጣል፤ ይዘውራል። ብብቱ ሥር ያለው ግንድ ሊያመልጠው ይንሸራተታል። በቀረው አውራ ጣትና በመዳፉ ደግፎ ይይዘዋል። ከፋሻው ወዲህ ያ እጅ ሥራ ሲሠራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ፊቱ ጠቁሯል፤ የአንገቱ ሥር ተገትሯል።

«ጋሼ፣ እርዳው እንጂ» አልኩ።

ጋሽ ዘይት መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ሁለት እጁን ታፋው ሥር ከቶ ተጭኖባቸዋል። «እኔ ምን አውቄ» አለ።

ፈሪ ነው አልኩ በልቤ። ሰነፍ፣ ስስታም፣ አላዋቂ፣ አሁን ደግሞ ፈሪ። እጆቹን ከሥሩ ሲያወጣ መዳፉ ላይ የጠጠሩ ቅርጽ ታትሞ ደም ሊያወጣ ደርሶ ነበር። ያን አይቻለሁ፤ አየሁ እንጂ አላነበብኩትም።

ዓሣው ዳር ደረሰ። ሰፊ ጥቁር ጭንቅላት፣ ጢም፣ የተከፈተ አፍ። ክሩ የድንጋይ ስለት ላይ ወድቆ ይፋተጋል። አባዬ መዘወሪያውን ቢለቅ ያመልጠዋል፤ ካልለቀቀ የሚይዝበት እጅ የለውም።

«ያዘው» አለ።

ጋሽ ዘይት ተወረወረ። እስከ ጉልበቱ ውሃ ገባና ቀኝ እጁን ከዓሣው ጭንቅላት ኋላ ሰደደ፤ አውራ ጣቱ ከአንደኛው እሾህ በስተኋላ፣ ጣቶቹ ከሌላኛው በስተኋላ ገቡ፤ ጨበጠ፤ አነሳው። አንድ እንቅስቃሴ ነበር። በዳቦ ልያዘው ያለ ሰው አምባዛ እንደዚያ አይጨብጥም።

ጅራቱ ሲላጋ ብቻ ይሰማል። አባዬ ያን እጅ አየው። ረጅም ጊዜ አየው።

ሬዲዮ ዝም አይልም። «ጋሼ፣ ግራኝ አይደለህም እንዴ?»

ጋሽ ዘይት እጁን ራሱ አየው፣ የሰው ዕቃ ይዞ እንደተገኘ ሰው። እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ዓሣው እንኳን ከእሱ የተሻለ መልስ ያለው ይመስል ነበር። አንድ ቃል ቢሳሳት አባዬ ዘንጉን ወንዙ ውስጥ ጥሎ ወደ ግድግዳው እንደሚመለስ እሱ ያውቃል። እኔ አላውቅም።

አባዬ ነው የመለሰልኝ። «ግራው ደክሞታላ» አለ። «ጠዋቱን ሙሉ ሲወረውር አልነበር? ግራኝ ሲደክመው እንዲህ ነው።»

«አዎ» አለ ጋሽ ዘይት፣ በቀጭን ድምፅ። «ዛሬ ብዙ ሠርቷል።»

«አያያዝህም ገና ነው» አለው አባዬ ክሩን እየጠቀለለ። «ለጀማሪ ግን ይበቃል።»

ቤት ስንደርስ ለእማዬ ሁሉንም አስተላለፍኩ። ግራው ስለደከመው በቀኙ ያዘው አልኳት። ደግማ ደጋግማ አስወራችኝ፤ ያን ቀን «በቃሽ» አላለችኝም።

ጋሽ ዘይት ከዚያ በኋላ አባዬ ባለበት መዶሻ በግራ፣ ሻይ በግራ፣ ሰላምታ በግራ ሆነ። አባዬ እስካረፈ ድረስ፣ አሥራ አንድ ዓመት። ሻይ ያፈሰሰበትን ሱሪ እኔ ነኝ የማውቀው። አባዬም ሲፈስበት አይቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ያን ጊዜ ሌላ ነገር ያያል።

ከአምባዛው በኋላ በመጣው እሑድ ግን ማንም በግንቡ ላይ የጠየቀው አልነበረም። ገና ማለዳ ነው። ድምፅ ሰምቼ ብወጣ አባዬ ወንበሩ ላይ የለም። ከወንዝ ስንመለስ እኛ ቤት የቀረውን ዘንግ በብብቱ ይዞ መንገድ ላይ፣ የጋሽ ዘይት በር ፊት ቆሟል።

«አንተ ግራኝ፣ ተነስ። ውሃው ደፍርሷል።»

ጋሽ ዘይት ሸሚዙን ደርቦ፣ ፀጉሩ ቆሞ፣ እንቅልፉን ሳይጨርስ በሩን ከፈተ። አባዬን ሲያይ ነቃ። ቀኝ እጁን ወዲያው ኪሱ ከተተና በግራው ብቻ የሸሚዙን ቁልፎች መቆለፍ ጀመረ። የመጀመሪያዋ እንቢ አለች። ገባች፣ ወጣች። ሁለተኛዋን በማይሆን ቀዳዳ አስገባት፤ አወጣት። አንገቱ ላይ ላብ መጣ። አባዬ ያን ሥራ ያውቀዋል፤ በየጠዋቱ ጓዳ ዘግቶ የሚሠራው ነው።

«ቶሎ በል» አላለውም። ጀርባውን ሰጥቶት ወደ መንገዱ ዞረ። አላፊ አግዳሚው እያየው፣ ቀኝ እጁን ከኪሱ ውጭ እንዳለች ዘንጉ ላይ አሳርፎ፣ ጎረቤቱ ስድስተኛዋን ቁልፍ እስኪጨርስ ድረስ ጠበቀው።